የኛን ሌሊት ማን ቀዳው?

«ጤፍ ሰማይ ነክቶ፣ የቤት ኪራይ አናት ላይ ወጥቶ፣ ርዕሰ አንቀጹን ለፈረንጅ ሙዚቃ?» የምትሉኝ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። እኔም በናንተ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ግን ጋዜጣውን ወዲያ ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ታገሱኝ። የማወጋችሁ በሩቅ አገር ስላለፈ አንድ የሙዚቃ ሌሊት ነው፤ መጨረሻ ላይ የማነሳው ጥያቄ ግን የገዛ ቤታችን ገመና ነው።

ሌሊቱ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ የግንቦት ልደታ ዋዜማ መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 8 ቀን 1977፣ እሑድ ማታ። ቦታው በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢትካ በምትባል ከተማ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ባርተን ሆል የሚሉት አዳራሽ ነው። አዳራሽ ስላችሁ ቀይ ምንጣፍና ለስላሳ ወንበር አይታያችሁ። መጀመሪያ ለወታደራዊ ሰልፍ ልምምድ የተሠራ፣ የመሮጫ መም የተነጠፈበት፣ ጣሪያው የራቀ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ያን ቀን ደግሞ፣ ክረምታቸው አልፎ ሳለ፣ በረዶ ጥሏል። ተጫዋቾቹ «ግሬትፉል ዴድ» ይባላሉ። ሲተረጎም «አመስጋኞቹ ሙታን» መሆኑ ነው። ስማቸውን ያወጡት መዝገበ ቃላት ገልጠው ነው ይባላል፤ የፈረንጅ ነገር!

ቅጂው እጄ የገባው ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖሮ ከመጣ ወዳጄ ነው። «ይህን ሳትሰማ እንዳትሞት» ብሎ ሰጠኝ። መጀመሪያ ስሰማው፣ አልዋሻችሁም፣ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሁለተኛ ጊዜ «ይሄ ሰው ቀልዶብኛል» አልኩ። በሦስተኛው ግን ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

እንዲህ ያለውን ቡድን ፈረንጆቹ «ጃም ባንድ» ይሉታል። የታወቀውን ዜማ እንደ መነሻ ይይዝና ከዚያ ወዲያ ያልተጻፈውን፣ ያልተጠናውን፣ ትናንት ያልነበረውን እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠረ ይሄዳል። ለኛ ነገሩ ባዕድ አይደለም። አዝማሪያችን ፊታችን ቆሞ፣ መልካችንንና ጫማችንን አይቶ፣ ግጥሙን እዚያው ይፈጥረው የለም? ልዩነቱ አዝማሪው ዜማውን ይዞ ግጥሙን ይለዋውጣል፤ እነዚህ ደግሞ ግጥሙን እንዳለ ትተው ዜማውን ነው የሚያንከራትቱት። በ30 ዓመት ዕድሜያቸው ከ2,300 በላይ ትርዒት አሳይተዋል፤ አንድ ዘፈን ዛሬ 8 ደቂቃ፣ ነገ 20 ደቂቃ ሊሄድ ይችላል።

ያን ምሽት መድረኩ ላይ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሊድ ጊታር የያዘውና ከዘፋኞቹ አንዱ የሆነው ጄሪ ጋርሲያ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ የቀኝ እጁ የመሐል ጣት በመጥረቢያ አደጋ ተቆርጦበታል፤ በቀሩት ጣቶች ነው ይህን ሁሉ ጉድ የሚሠራው። ሁለተኛውን ጊታር ቦብ ዊር፣ ቤዙን ፊል ሌሽ፣ ፒያኖውን ኪት ጎድሾ ይዘዋል። የኪት ባለቤት ዶና ጂን ትዘፍናለች። ድራም ላይ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው፤ ቢል ክሮይትስማንና ሚኪ ሃርት።

ትርዒቱ ሁለት ክፍል አለው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ክፍል ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱ ዘፈን የተለመደ የካውቦይ ዘፈን ነው፤ መጣ፣ አለፈ። የጋርሲያ ድምፅም ቀጭንና የደከመ ነው፤ የጥላሁንን ጉሮሮ ለለመደ ጆሮ «ይሄም ዘፋኝ ተብሎ!» ያሰኛል። ነገር የሚጀምረው በክፍሉ መዝጊያ ላይ፣ «ዳንሲንግ ኢን ዘ ስትሪት» የሚባለውን በ1964 ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ዝነኛ ያደረጉትን ዘፈን ሲያነሱ ነው። በዘመኑ የዲስኮ ምት ጀምረው፣ ግጥሙን ጨርሰው፣ «አሁን አበቃ» ስትሉ አያበቃም። ጊታሩ አንዲት ትንሽ ሐረግ ይወረውራል፤ ቤዙ ይቀበላታል፤ ፒያኖው ይመልሳታል፤ ሩብ ሰዓት ያልፋል።

ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ ወደ መድረኩ ተገፋፍቶ የፊተኞቹ መጨፍለቅ ጀመሩ። ይሄኔ ቦብ ዊር ማይኩን ይዞ፣ እየቀለደ፣ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደኋላ እንዲል ጠየቀ። ቀጥሎም ሌላ አንድ እርምጃ። ቅጂው ላይ ይሰማል። ትንሽ ነገር ናት፤ እኔ ግን ወደድኳት። ከመድረክ ላይ ሆኖ የታችኛውን ሰው መጨነቅ ማየት ለሁሉም አልተሰጠም።

ከዚያ «ስካርሌት ቤጎኒያስ» ተጀመረ። ደስ የሚል፣ ቀለል ያለ ዘፈን ነው። ግጥሙ ሲያልቅ ዜማው እየቀጠነ፣ እየተንሳፈፈ ይሄዳል፤ ዶና ቃል የሌለው እንጉርጉሮ ታሰማለች፤ ከበሮዎቹ ሳያስታውቁ ምታቸውን ይቀይራሉ፤ ሳታስቡት ሌላ ዘፈን ውስጥ ናችሁ። «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ይባላል። ከየት ላይ አንዱ አልቆ ሌላው እንደጀመረ ለማወቅ ሦስት አራት ጊዜ ወደኋላ መልሼ ሰማሁ። ስፌቱ አይታይም! ሁለቱን ዘፈኖች ማጋባት የጀመሩት በዚያው ዓመት በማርች ወር ነው፤ ጋብቻው ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ 25 ደቂቃ ያልፋሉ። ሁለተኛው የቆመው በሁለት ኮርድ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለት! የኛ ሰው በአራት የቅኝት ዓይነት ስንት ዓለም እንደፈጠረ የሚያውቅ በዚህ አይገረምም። ጥበቡ ከኮርዱ ቁጥር አይደለም፤ በመካከሉ ካለው መደማመጥ ነው።

እኔ «መሪው ማነው?» ብዬ ፈለግሁ። ጋርሲያ ነው ስል ዝም ይልና ቤዙ ይወጣል። ሌሽ ቤዝ ጊታሩን ከታች ሆኖ ምት መጠበቂያ አያደርገውም፤ እንደ ሌላ ዘፋኝ ያናግረዋል። እሱ ነው ስል ደግሞ ሁለቱ ከበሮዎች ነገሩን ነጥቀው ይሄዳሉ። ሰባት ሰው ባንድ ላይ ሲናገር ጩኸት መሆን ነበረበት፤ ሰባት ሰው እየተደማመጠ ሲናገር ግን እንዲህ ይሆናል ለካ! እኛ አገር ሁለት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ የማይደማመጥበትን ጊዜ ስንቴ አየን? ይቅርብኝ፤ ከጀመርኩት ልውጣ ነው።

የሁለተኛው ክፍል ማሳረጊያ «ሞርኒንግ ዲው» ነው፤ «የማለዳ ጤዛ» በሉት። ቦኒ ዶብሰን የተባለች ካናዳዊት የደረሰችው፣ ከአቶሚክ ጦርነት በኋላ ባዶ ስለቀረች ዓለም የሚተርክ ዘፈን ነው። ጋርሲያ ሲጀምረው ሹክሹክታ ነው። ያ የናቅሁት ቀጭን ድምፅ እዚህ ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ፤ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ለመግባት የሚያመነታ ሰው ድምፅ። ከዚያ ጊታሩ ብቻውን ይቀራል፤ ከዝምታ ተነስቶ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሁለቱ ከበሮዎች ከሥር ይገፉታል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ አዳራሹ በጩኸት ይፈርሳል። ያን የሰማ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እኔን ጠይቁ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የባንዱ ወዳጆች ይህን ሌሊት «ከሁሉ የበለጠው» ይሉታል። ሌሎች ደግሞ «በዚያው ወር እንኳ ከዚህ የሚበልጥ ተጫውተዋል» ብለው ይከራከራሉ። ከሁለቱም ወገን አልቆምም። እኔ የምለው የዚያ ሌሊት ዝና ግማሹ የጣት ነው፤ ግማሹ ግን የቴፕ ነው! ባይቀረጽ ኖሮ በረዶ በጣለበት ምሽት ኢትካ የነበሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚያወሩት ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር። እነሱ ሲያልፉ እሱም ያልፋል።

የቀረጸችው ቤቲ ካንቶር-ጃክሰን የምትባል የድምፅ ባለሙያ ናት። ወንዶች በሞሉበት ሙያ ውስጥ ገብታ፣ የባንዱን ትርዒቶች በትላልቅ ክር ላይ በጥራት ስትቀርጽ ኖረች። ክሮቹን በኪራይ ማስቀመጫ ክፍል አኖረቻቸው። ጊዜ ከዳት፣ ኪራዩ ሳይከፈል ቀረ፣ በ1986 ንብረቱ በጨረታ ተሸጠ። ያ ሁሉ ሌሊት ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተደባልቆ! ደግነቱ የገዙት ሰዎች እሳት አልለቀቁበትም። እያደር ክሮቹ ተጠግነው፣ ተገልብጠው፣ ቅጂው ከወዳጅ ወዳጅ፣ ከእጅ እጅ ዞረ። በ2012 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን የኮርኔል ቅጂ በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ማስፈሩን አስታወቀ። በ2017፣ በ40ኛ ዓመቱ፣ በሕጋዊ መንገድ ታትሞ ወጣ። ከጨረታ ቆሻሻ ወደ ብሔራዊ ቅርስ!

ሌላም ነገር አለ። ይህ ባንድ አድማጩ ቴፕ ይዞ ገብቶ እንዲቀርጽ ይፈቅድ ነበር። ከ1984 ጀምሮማ በአዳራሹ ውስጥ ለቀራጮች የተለየ ቦታ ከልሎ ትኬት ይሸጥላቸው ጀመር። ደንቡ አንድ ነው፦ ቅዱ፣ ተለዋወጡ፣ ግን አትሽጡ። «ታዲያ በዚህ ሁኔታ አልከሰሩም?» ብትሉ፣ አልከሰሩም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከፍተኛ የትርዒት ገቢ ከሚያገኙት ባንዶች መካከል ነበሩ። ቅጂውን የሰማ ሁሉ «አንድ ቀን በዓይኔ ልየው» ብሎ ትኬት ይቆርጥ ነበራ! ጋርሲያ በ1995 ሲሞት ባንዱ ተበተነ፤ ሌሽም በ2024 አረፈ። ሌሊቶቻቸው ግን አሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በዚያው ሰሞን፣ ከኮርኔሉ ምሽት ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ምን ላይ እንደነበረች የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ አንባቢ አይነገረውም። ሜይ ዴይ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ያለቁበት ሌሊት ነው። በዚያ የቀይ ሽብር ዘመን፣ በሰዓት እላፊው መካከል፣ በዚችው ከተማ ሙዚቃ ነበር። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ይጫወት ነበር። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እንዳወጋው፣ ሰዓት እላፊ ከገባ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱለት ነበር። እስኪነጋ! ኢትካ የተሰበሰበው ሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የኛዎቹ ውጭ ሞት ስላለ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጥሩ ያድሩ ነበር። ታዲያ በዚያ ርዝመት ምን ያልተጫወቱት ነገር ይኖራል? ትዝታው ስንት ጊዜ ተዘረጋ? አንቺሆዬው የት ደረሰ?

መልሱን ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም ማን ቀዳው?

የቀረልን ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴና ተከታዮቹ ባያሳትሙት እሱም አይኖርም ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር እንበል። ግን የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሳክስፎኑ ሊሞቅለት ሲል ሸክላው ያልቃል። ዋልያዎቹ በዚያው በ1977 «ቼ በለው»ን አሳተሙ፤ ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ስቱዲዮ ነው እንጂ ሌሊት አይደለም። ኃይሉ መርጊያ ራሱ በኋላ ዋሽንግተን ቀርቶ ታክሲ ነዳ፤ በ1985 ያሳተመውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ፤ ዓለም ያን ጊዜ አወቀው። የሸክላ ዘመናችንን ሙዚቃ ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በተከታታይ ያወጣውም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ቂም የለኝም። ግን የራሳችንን ሳጥን እስከ መቼ ፈረንጅ ይክፈትልን?

ጣቴን ወደ ሌላው ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ዘመን በአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር። አንድ የሰዓት እላፊ ሌሊት ትንሿን ቴፑን ከትሪ ማስቀመጫው ሥር አድርጎ የሆቴሉን ባንድ ቀርጾ ነበር። በኋላ ካሴቱ እንዳይጠፋበት ከጀርባው ያሉትን ሁለቱን ጥርሶች ሰብሮ አስቀመጠው። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ መቅዳት እንደማይቻል የኛ ዘመን ሰው ያውቃል። ብልሃቱንም ያውቃል፦ ቀዳዳው ላይ ወረቀት ወትፎ መቅዳት ይቻላል። እኔ በጉርምስናዬ ባዶ ካሴት መግዣ አጥቼ ወረቀት ወተፍኩ። በአጎቴ ሌሊት ላይ ከሬዲዮ የሰማሁትን የፈረንጅ ዘፈን ቀዳሁበት። አጎቴ ሲያውቅ አልቆጣኝም። «በቃ፣ ሄዷል» ብቻ አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘፈኑ ካሴቱን አልሞላውም ነበር። ጫፉ ላይ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ነገር ተርፋለች። ሳክስፎን አንድ ሐረግ ይጀምራል፣ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፣ አጎቴ ቅርብ ሆኖ ይስላል፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ጸጥታ። ያን ሐረግ የጀመረው ሰው ወዴት ሊሄድ ነበር? ስንት ደቂቃ ሄደ? የኮርኔሉን ቅጂ ሰምቼ ያነጋሁት ለዚህ ነው። የፈረንጆቹ ሐረግ የት እንደደረሰ አውቄያለሁ፤ የኛውን ግን እኔው በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ስለዚህ ይህ ርዕሰ አንቀጽ ለሦስት ሰዎች ነው።

አንደኛ፣ ቤቱ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ በጫማ ካርቶን አሮጌ ክርና ካሴት ላለው ሰው። የሠርግ ይሁን፣ የሆቴል፣ የአዝማሪ ቤት፣ የክፍለ ጦር ኦርኬስትራ፣ አትጣለው። ክር ይሻግታል፣ ይላቀቃል፣ ይደርቃል፤ አይጠብቅህም። ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር ያስገለብጡት፣ ነገ አባትየው ሳሉ ማን ምን እንደተጫወተ ጠይቀው ይጻፉት።

ሁለተኛ፣ ለሙዚቀኞቻችን። ዛሬ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ መቅረጫ አለው፤ የሚቀርጸው ግን ለቲክቶክ የምትሆን ግማሽ ደቂቃ ነው። ሙሉውን ሌሊት የሚቀርጽ ከማን ጋር ተዋውላችኋል? ሌባን መፍራታችሁ ትክክል ነው፤ ካሴት ገልባጭ ያደረሰባችሁን በደል እናውቃለን፤ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም ለዚህ ነው። ግን ሸጦ የሚበላውንና ወድዶ የሚያስቀምጠውን ለዩ። አንዱን ክሰሱ፣ ለሌላው ወንበር ስጡት። እናንተም በኪቦርድ የተሞላ ማጀቢያ ለቅቃችሁ አፍ ከማንቀሳቀስ ውጡና የሚቀረጽ ነገር ተጫወቱ!

ሦስተኛ፣ በመንግሥት ደመወዝ ቅርስ እንዲጠብቁ ለተቀመጡት። የብራና መጽሐፍ ቅርስ ነው፤ እሰየው። የድምፅ ክርስ? ሰው ካሴቱን ይዞ ቢመጣ በክብር ተቀብሎ፣ ገልብጦ፣ ዋናውን መልሶ፣ ቅጂውን ለሕዝብ ጆሮ ክፍት የሚያደርግ አንድ መስኮት ቢከፈት ስንት ያስወጣል? ከአንድ ሰሞን የስብሰባ አበል ይበልጣል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር አበው። ዘመኑ መጣፍ ላይ ክር ጨምሯል። አሜሪካኖቹ ኪራይ ባልተከፈለበት ክፍል የተጣለውን አንስተው ወረሱት። እኛ ጥርሱ የተሰበረውን ካሴት እንኳ ወረቀት ወትፈን አጠፋነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ያቺን የጫማ ካርቶን ክፈቷት።